የሐሙስ መርከብ

አዋላጇ ሁለቱን ትኬቶች በአየር መንገዱ ቢሮ መስኮት ሥር ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው፤ አንዱ የአውሮፕላን፣ ሌላው የመርከብ። በምሳ ሰዓት ከሆስፒታል ሾልካ ስለመጣች የማዋለጃ ክፍል ነጭ ጫማዋን እንኳ አልቀየረችም።

«ተመልከትልኝ ልጄ» አለችው ክራባቱን ጠበቅ አድርጎ ያሰረውን ትኬት ቆራጭ። «ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተነስቼ አራት ሰዓት ላይ የወደቡ ከተማ እደርስ ነበር። መርከቧ የምትነሳው ስምንት ሰዓት ነው። እናንተ ደግሞ በረራውን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገፋችሁት። እኔ ገና ከዚህ ሳልነሳ መርከቧ ሄደች ማለት ነው።»

«የመርከቡን ትኬት ቢመልሱትስ?»

«አይመለስም፣ አይለወጥም ብለው ከጀርባው ጽፈውበታል። ቢመልሱልኝስ ምን ይረባኛል? ቀጣይዋ መርከብ ሰኞ ናት።»

«በመርከቡ በኩል እኛ ኃላፊነት የለብንም፣ እናቴ።»

ይህንኑ በስልክ አራት ጊዜ ሰምታዋለች። ቅዳሜ ዕለት የሰዓት ለውጡ መልእክት ከደረሳት ወዲህ አየር መንገዱ ወደ መርከብ ድርጅቱ፣ መርከብ ድርጅቱ ወደ አየር መንገዱ ሲመልሷት፣ ነገሩ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆኖባት ሰንብቷል።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ስትቀበል የኖረች ሴት ናት። ምጥ የያዛት ስትጮህ እሷ ድምፅዋን ዝቅ ነው የምታደርገው። አሁንም ዝቅ አደረገችው።

«ልጄ ያለችው ደሴቱ ላይ ነው። ዓርብ ጠዋት በኦፕራሲዮን ትወልዳለች። አምና የመጀመሪያዋን ስታጣ እኔ መንገድ ላይ ነበርኩ። ስደርስ ባዶ አልጋ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ዘንድሮ መንገድ ላይ መሆን አልፈልግም።»

የትኬት ቆራጩ ጣቶች ከኮምፒውተሩ መምቻ ላይ ተነሱ። «ረቡዕ ሙሉ ነው» አለ፤ ለካ ሳትጠይቀው ሲፈልግላት ኖሯል። እሷ ወረቀቶቿን መሰብሰብ ስትጀምር «ቆይ እስቲ» ብሎ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባ።

በመስታወቱ ውስጥ ታየዋለች። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ለሰቀለች ወፍራም ሴት በእጁ ጭምር ያስረዳል። ሴትዮዋ ሰምታው ስታበቃ ተነስታ መጣችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ እሱ ከኋላዋ ቆመ።

«ሰዓቱን የቀየርነው እኛ ነን» አለች የልጁ አለቃ፣ ከአዋላጇ ይልቅ ለእሱ የምትናገር በሚመስል ድምፅ። «እኛ ስንቀይር መንገደኛው ቦታ ባለበት ቀን ያለ ቅጣት ይዛወራል። ይህን ገና ቅዳሜ ሊነግርዎት የሚገባ ሰው ነበር።» መነጽሯን ወደ ዓይኗ አወረደች። «ረቡዕ እውነትም የለም። ዛሬ ግን አንድ ቦታ አለ።»

«ዛሬ?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል፤ አሥር ሰዓት አውሮፕላን ማረፊያ መገኘት አለብዎት። በወደቡ ከተማ ሁለት ሌሊት ማደሩ የራስዎ ጣጣ ነው።»

አዋላጇ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፤ ሰባት ተኩል። ፈቃድ የወሰደችው ከሐሙስ ጀምሮ ነው። አረማመዷን አይተው «ነፋሴ» ወደሚሏት የሥራ ባልደረባዋ ደወለች።

«ነፋሴ፣ አየር መንገዱ ቢሮ ነኝ። ዛሬ ማታ ቦታ አለ ይሉኛል፤ ግን የዛሬ ከሰዓትና የነገ ተራዬ…»

«ሂጂ።»

«ኧረ ልጨርስልሽ…»

«ሂጂ አልኩሽ እኮ። እኔ እሸፍናለሁ፤ ስትመለሺ እንተሳሰባለን። አሁን ቤት ገብተሽ ልብስሽን ያዢ፤ ደግሞ በዚያ ነጭ ጫማ መርከብ ላይ ወጥተሽ እንዳታሰድቢን።»

ማተሚያው አጉረምርሞ አዲሱን ትኬት ተፋ። ልጁ በሁለት እጁ አቀበላት።

«በሰላም ያገላግላት፣ እናቴ።»

«እንዳፍህ ያድርግልኝ።»

ተነስታ ከመስኮቱ ፈቀቅ አለች። ግድግዳውን ተደግፎ የቆመ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ልጁ በብርጭቆ ውሃ አመጣላት፤ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችውና ስልኳን አወጣች።

«እማዬ?» የልጇ ድምፅ ቀጥኗል።

«ዛሬ ማታ እነሳለሁ። ሐሙስ መርከቧ ላይ ነኝ። ዓርብ ጠዋት ከመግባትሽ በፊት ፀጉርሽን ጎንጉኜ የማስገባሽ እኔ ነኝ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ወረቀቱን በእጄ ይዤዋለሁ።»

«እሺ» አለች ልጅቷ።

እናት ቀጠለች። በወደቡ ከተማ ማደሪያ የት ልትፈልግ እንዳሰበች፣ ነፋሴ ተራዋን እንደወሰደችላት፣ ያ ክራባታም ልጅ እንዴት እንደተንገበገበላት አወራች። «ሰማሽኝ?» አለች። «አንቺ ልጅ?» አለች ደግማ፣ አሁን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

ስልኩን ሌላ እጅ አነሳው። አማቿ ነበር፤ የሚያወራው በሹክሹክታ ነው።

«እማማ፣ አይደንግጡ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች እንቅልፍ ወሰዳት። ከቅዳሜ ወዲህ ዓይኗን አልከደነችም ነበር። ልቀስቅሳት?»

«እንዳትነካት» አለችው፣ እሷም በሹክሹክታ። «ስልኩንም አትዝጋው። እዚያው ትራሷ ላይ ተወው።»

መስኮቱ ላይ ቀጣዩ ባለ ተራ ተጠራ። አዋላጇ የምትይዘው ልብስ አላት፣ ሰዓቱም ይሮጣል። ቢሆንም ለጥቂት ጊዜ ከወንበሩ አልተነሳችም። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ የልጇን ትንፋሽ ሲገባና ሲወጣ ታዳምጥ ነበር።