ሙት የተባለው የዘንባባ ዘር

«ከረጢቱን እዚሁ፣ ሁላችሁም እያያችሁ ነው የምፈታው» አለች ሙሀባ፣ አሸዋ የሞላውን ሳፋ ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አድርጋ። የለስላሳ ጠርሙሶቹ ተንጫጩ። ጋሼ ብርሃኑ የራሳቸውን ጠርሙስ ሳይወድቅ ያዙት።

ሸዋ ሮቢት፣ የሮማን ሆቴል ጓሮ፣ ማንጎው ጥላ ሥር ነው። በየሁለት ወሩ አንድ እሑድ ዘንባባ ያነሆለላቸው ሰዎች እዚህ ይሰበሰባሉ፤ ግማሹ ከደብረ ብርሃንና ከደብረ ሲና ወርዶ፣ ግማሹ ከዚሁ ከቆላው። ውርጭ አናቱን አቃጥሎት መልሶ የሚያቆጠቁጥ ዘንባባ ነው የሚፈልጉት። ዘር በዘር እንጂ በገንዘብ አይለዋወጡም። እያንዳንዱ ዘር በትንሽ የአቡጀዲ ከረጢት ይታሰራል፤ ከረጢቱ ላይ የሰጪው ስምና የእናት ዛፉ ቦታ በማርከር ይጻፋል። ዘሩ ካልበቀለ ደግሞ ተቀባዩ ከሥር ፍርዱን ጽፎ ይመልሳል።

የሙሀባ ከረጢት ላይ «ሙሀባ፣ ጣርማ በር» ይላል። ከሥሩ በጋሼ ብርሃኑ ወፍራም የመምህር ጽሕፈት «ሙት» የሚል ተጨምሮበታል።

ዛፉን የተከለው ባሏ ቃሲም ነበር። የጭነት መኪና ሾፌር ነበርና ጣርማ በር ላይ በሚያድርበት ቦታ፣ መንገድ ዳር ተከለው። ቃሲም ከሞተ በኋላም ዛፉ ስንት ውርጭ ችሎ ቆመ። አምና የቦታው ባለቤት ቤት ልሥራ ብሎ ገነደሰው። ሙሀባ ከወደቀው ዛፍ ላይ አሥራ ሦስት ፍሬ ለቅማ አጠበች፤ ይህ ዘር ኑሮው ብርድ ላይ ነው ብላ አንድም ሳታስቀር ደብረ ብርሃን ግቢ ላላቸው ለጋሼ ብርሃኑ ሰጠች። እሳቸውም ክረምቱን ሙሉ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጡት። ከዚያ አንዱን በቢላ ሰነጠቁና እንደ አጥንት ደርቋል ብለው፣ ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ለቀው፣ የቀረውን አሥራ ሁለቱን መለሱላት። ከዚያ ወዲህ ከሙሀባ ጋር ዘር የተለዋወጠ የለም።

«ሙሀባ፣ የሞተ ነገር በአሸዋ አይነሳም እኮ» አሉ ጋሼ ብርሃኑ፣ ለስለስ ብለው። የሚያናድደውም ይኸው መለስለሳቸው ነው።

«ጋሼ ብርሃኑ፣ ፍሪጅ ውስጥ ነው ያስቀመጡት?»

«ታዲያ ብርድ የሚችል ነው ብለሽ የሰጠሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ? ከልጅነቱ ይልመድ ብዬ ነዋ!»

«እርስዎም ብርድ ይችላሉ። ግን እናትዎ የወለዱዎ ዕለት ውርጭ ላይ አላስተኙዎትም።»

ጓሮው በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ብርሃኑ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። ያፈረ ሰው ሁልጊዜ የሚጠርገው ነገር አያጣም።

«ዛፉ ነው ብርድ የሚችለው» አለች ሙሀባ። «ዘሩ ለመብቀል ሙቀት ይፈልጋል። እናንተ ደገኞቹ ዛፉን ታሳድጉታላችሁ፤ የሚያስበቅለው ግን የኛ ቆላ ነው። ሰባ ሁለት ቀን እንስራዬ ግርጌ፣ ውኃው የሚንጠባጠብበት አሸዋ ውስጥ ነው የቀበርኩት። ከነከረጢቱ፤ አልፈታሁትም።»

«አንድ ቀን እንኳ?» አለች የሆቴሉ ባለቤት ሮማን።

«ወላሂ፣ አንድ ቀን እንኳ።»

እውነቷን ነው። ከእልህ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ፈርታም ነው። ባዶ ከሆነ የቃሲም ዛፍ ከምድር ጠፋ ማለት ነው፤ የእሷም ቃል አብሮ ይጠፋል። ዛሬ ጠዋት ሳፋውን በባጃጅ ጭና ስትመጣ መንገድ ላይ ልመለስ ብላ ነበር። ቢሆንም መጥታለች። ሰው ፊት ሙት የተባለ ነገር ሰው ፊት ነው መታየት ያለበት።

አሸዋውን በእጇ ገፋ ገፋ አደረገች። ከረጢቱ ረጥቦ፣ አሸዋ ለብሶ ወጣ። «ቢስሚላህ» ብላ ክሩን በጥርሷ በጠሰችውና መዳፏ ላይ ገለበጠችው።

አንድ ጥቁር ፍሬ ወደቀ። ምንም የለውም። ሁለተኛውም እንዲሁ። ጋሼ ብርሃኑ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሙሀባ እጇን አላጠፈችም፤ ከረጢቱን አንዴ አራገፈችው።

ሦስተኛው ነጭ ሥር ይዞ ወጣ፤ እንደ ትንሽ ጣት የሚረዝም። አራተኛው፣ አምስተኛው። ሮማን እልል ልትል አፏን ከፈተችና ጋሼ ብርሃኑን አይታ ዋጠችው።

«አልሀምዱሊላህ» አለች ሙሀባ፤ እንባዋን ለመጥረግ እጇ ስላልተመቸ ተወችው፣ ወረደ። ያቆጠቆጡት ስድስት ሆኑ። ለስድስት ደገኞች አንድ አንድ አደለች። ሁሉም በለውጡ የራሱን ከረጢት ዘረጋላት፤ «ዛሬ አልቀበልም፤ በሚቀጥለው እንለዋወጣለን» አለች ኮራ ብላ።

ከረጢቱ ውስጥ አንድ ቀርቶ ነበር። ብትስበው አልወጣም። ገልበጥ አድርጋ ስታየው ሥሩ አቡጀዲውን በስቶ ወጥቷል።

ጋሼ ብርሃኑ ቀስ ብለው ተነሱ። ከኪሳቸው ሰንጢ አወጡ። «አምጪው፣ ጨርቁን ልቅደድለት፤ ሥሩ እንዳይሰበር።»

«አይቀደድም!» አለችና ከረጢቱን ራሷ እጃቸው ላይ አስቀመጠችው። «ይሄኛው የእርስዎ ነው ጋሼ ብርሃኑ። ደብረ ብርሃን ይውሰዱት፣ ሰው የሚያይበት በርዎ ላይ፣ ከነጽሑፉ ይትከሉት።»

ሽማግሌው ሰንጢውን አጥፈው ከረጢቱን በሁለት እጃቸው ያዙት። ነጩ ሥር በራሳቸው ጽሕፈት መሐል፣ በ«ሙ» እና በ«ት» መካከል ወጥቶ፣ ጫፉ ላይ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ይዟል።