ነጩ አባ ኮዳ

ሐዳሳ ሐይቅ ዳር ዓሳ እየበለተች ፊሌቶ ትሸጣለች። የመጀመሪያውን ቆሮሶ ዓሳ ሆድ ዕቃ ሁልጊዜ ለአባ ኮዳዎቹ ትወረውራለች፤ እነዚያ መላጣ ረጃጅም ወፎች ሳይቀምሱ ገበያ አትጀምርም። ሰሞኑን ከመካከላቸው አንድ ነጭ መጣ፤ ቀለም ሳይኖረው የተወለደ፣ ዓይኑ ደም የመሰለ። ሐዳሳም ደህና ደህናውን ታስቀርለት ጀመር።

ባለ ጀልባው ጋሽ ብዙአየሁ ግን አልወደዱትም።

"መረባችን ባዶውን የሚወጣው በዚህ ገደ ቢስ ነው" አሉ።

"መረብዎን ይጠግኑ" አለቻቸው። "ፈጣሪ ነጭ አድርጎ የፈጠረውን እኔ ላጥቁረው?"

ሲመሽ ጋሽ ብዙአየሁ ነጩን ወፍ በድንጋይ ገደሉት። አሸዋ ቆፍራ የቀበረችው ራሷ ሐዳሳ ናት።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዷ የመጀመሪያውን ቆሮሶ ቀደደችና ሆድ ዕቃውን ወረወረች። የሚሻማ አልነበረም። ቀና ስትል አባ ኮዳዎቹ በሙሉ ነጭ ናቸው። ቀያይ ዓይኖቻቸውን ጋሽ ብዙአየሁ ላይ ተክለው፣ ጀልባቸውን ከበው ቆመዋል።

ጋሽ ብዙአየሁ ድንጋይ አነሱ። ክንዳቸው ግን እንደተሰነዘረ ቀረ።

ሐዳሳ ቢላዋዋን በሽርጧ ጠረገች።

"ይምቱ እንጂ ጋሼ" አለች። "የትኛው ነው ገደ ቢሱ?"