የክብሩ አምስት ደቂቃ

ክብሩ ለአንድ አኒሜ፣ ለአንድ የጃፓን ካርቱን ፊልም፣ የሚሰጠው ጊዜ አምስት ደቂቃ ነበር። በዚያ ውስጥ ሰው ካልተመታ፣ ቤት ካልፈረሰ፣ ቢያንስ አንድ ሰይፍ ካልተመዘዘ፣ ሪሞቱን አንስቶ ወደ ኳስ ይቀይራል። ከዚያ ቴሌግራም ቻናሉ ላይ ፍርዱን ይለጥፋል። «ሞቷል፤ ቅበሩት።» ብዙ ጊዜ ከዚህ በላይ አይጽፍም፤ ከዚህ በላይ አላየማ።

ሥራው ሀዋሳ ፒያሳ የባጃጅ መለዋወጫ መሸጥ ነው። ከተማው ውስጥ አኒሜ የሚያይ ወጣት ሁሉ ግን የእሱን ፍርድ የሚጠብቅ ይመስለዋል። የሚያሳዝነው፣ የሚጠብቁትም ጥቂት አልነበሩም።

አብራው የምትኖረው እህቱ ብርቱካን መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። የምትሠራው ግማሽ ቀን ስለሆነ ፍላሽ ላይ ፊልም የማስጫኑ ኃላፊነት የእሷ ነው። ከሰዓት ቤቱም ቴሌቪዥኑም የእሷ ነው፤ ማታ ሪሞቱ ክብሩ እጅ ይገባል።

የጃፓንኛውን ስም የሚይዝ ሰው ስለሌለ ፊልም ጫኙ ሰኢድ ለየተከታታዩ የራሱን የአማርኛ ስም ያወጣል። ብርቱካንም ቤት ገብታ የፋይሎቹን ስም ታስተካክላለች፤ «ክፍል አንድ»፣ «ክፍል ሁለት» እያለች ትጽፋለች። ክብሩ ረጅም የፋይል ስም ማንበብ አይወድም። ማንበብ ራሱ አይወድም።

አንድ ቀን ሰኢድ «ባልዲው» ያለውን ተከታታይ ለራሱ ለክብሩ ሰጠው። ክብሩ ማታ ከፈተው። አንድ ልጅ ከወንዝ ውሃ ቀድቶ ዳገት ይወጣል። ይደፋበታል። ተመልሶ ይወርዳል። የባልዲው ክዳን ተንከባሎ ድንጋይ ሲመታ ጠርዙ ይጣመማል፤ ልጁም ክዳኑን ታቅፎ ያለቅሳል። አምስቱ ደቂቃ አለቀ።

«ውሃ ሲቀዳ ማየት ካማረኝ መስኮት እከፍታለሁ!» አለና ሪሞቱን ወረወረው። ሪሞቱ ብርቱካን ጉልበት ላይ አረፈ። እሷ ጉልበቷን እያሸች ኳስ አየች።

ክብሩ ቻናሉ ላይ ባልዲውንም፣ የሠሩትንም፣ የሚያዩትንም ሰደበ። ሊከራከረው የደፈረ ኪሩቤል የሚባል ዝምተኛ ተማሪ ብቻ ነበር። «እስከ መሃሉ ታገሰው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብሎ ጻፈለት።

«እንቁላሉ እስኪሄድ እኔ ጠብሼ እበላዋለሁ» ሲል መለሰ ክብሩ። ተከታዮቹ ሳቁ። እሱ ደግሞ ሳቅን እንደ ማስረጃ ነው የሚቆጥረው።

ጥቂት ቆይቶ ብርቱካን «ጋሻው» የሚል ፎልደር ይዛ መጣች። ክፍል አንድ ሲጀምር ድልድይ እየነደደ ነው። ፊቱ ጠባሳ ያለበት ጎልማሳ በእሳቱ መሃል ብቻውን ቆሞ ሙሉ ጦር ይጠብቃል፤ በግራ እጁ ጠርዙ የተጣመመ ትንሽ ጋሻ ይዟል። ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚዋጋ የሚናገር የለም። ክብሩ ከሶፋው ተነስቶ ቆመ።

«አየሽ? ጎበዝ ደራሲ አያብራራም! በቀጥታ ነው የሚገባው!»

ብርቱካን ግን ጋሻውን ስታይ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ገና ሳይጀመር ምን ያስለቅስሻል? አንቺ ሞኝ!» አላት።

ከየት እንዳመጣችው ጠየቃት። «ከሰኢድ» አለችው። በማግስቱ ሰኢድን ጠየቀው።

«ጋሻው የሚባል ተከታታይ ሱቄ ገብቶ አያውቅም፣ ወንድሜ» አለ ሰኢድ።

እህቱ ዋሽታለች ማለት ነው። በዚያው ሳምንት ካፌ በር ላይ ከኪሩቤል ጋር ቆማ ስታወራ አያት፤ ሁሉም ነገር ተገለጠለት። ክብሩ ነገር የሚገለጥለት ሁልጊዜ ቶሎ ነው። ይህ ልጅ ጥሩ ጥሩውን ለእህቱ እየሰጠ፣ ለሕዝቡ ባልዲ ያወራል! ፍቅር ይዟቸዋል! ስለ ጋሻው ለማንም ትንፍሽ ላይል ወሰነ። ቻናሉ ላይ «ታላቅ ነገር ይዣለሁ» ብቻ ብሎ ጻፈ።

ባህል አዳራሽ አካባቢ ያለ አንድ የወጣቶች ማዕከል በየቅዳሜው አኒሜ ማሳየት ሊጀምር ነበር፤ የሚመርጥለት ሰው ፈለገ። ክብሩ ያንን ቦታ ከምንም በላይ ተመኘ። ኪሩቤልም ጠየቀ። ማዕከሉ ሁለቱም በየተራ አንድ አንድ ተከታታይ ያሳዩና ተመልካቹ ይፍረድ አለ።

ብርቱካን ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ክብሩ፣ በእናታችን ይዤሃለሁ፣ ይቅርብህ። ካልሆነም ጋሻውን ተውና ሌላ ያዝ።»

«ለሱ አዝነሽ ነው?»

«ላንተ ነው ያዘንኩት።»

«ውሸታም!» አላት፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ቅዳሜ አላናገራትም።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ብርቱካን ከኋላ ተቀመጠች። ዕጣው ቀድሞ ለኪሩቤል ወጣ፤ እሱም የባልዲውን ክፍል አንድ ከፈተ። ልጁ ዳገት ወጣ። ውሃው ተደፋ። ልጁ ተመልሶ ወረደ። ሰው ማዛጋት ጀመረ፤ ስልኩን ያወጣም ነበር። ክብሩ አላስቻለውም፤ ተነስቶ ማይኩን ቀማ።

«በየቅዳሜው ልታዩ የመጣችሁት ይሄንን ነው? የውሃ ወረፋ?»

አዳራሹ ሳቀ። ሳቁ ልቡን ነፋው።

«እኔ የያዝኩት ተከታታይ ስሙ ጋሻው ነው! ይሄ ልጅ ከዚህ ባልዲ ውስጥ የጋሻውን የመጀመሪያ ደቂቃ የሚያክል ነገር ካወጣልኝ ቦታውን ይውሰድ! ቻናሌንም እዚሁ ፊታችሁ እዘጋለሁ። አኒሜ የሚል ቃል ዳግም ከአፌ አይወጣም!»

ጭብጨባው ቀለጠ። ብርቱካን ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳበች።

ኪሩቤል አልተከራከረም። ላፕቶፑ ላይ እንዳቀረቀረ «ወደ ክፍል ዘጠኝ ልለፍ?» አለ።

«ከፈለግክ ዘጠናን ክፈት!» አለ ክብሩ፤ ፍላሹን ከኪሱ አውጥቶ በጣቱ እያሽከረከረ ፈገግ ብሎ ወደ ስክሪኑ ዞረ።

ድልድዩ እየነደደ ነበር።