ትርፌ የሰረዘችው ይሉኝታ
በዚያ ዘመን የሰው ጭንቅላት እንደ ኮምፒውተር በየዓመቱ፣ ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ፣ እንደ አዲስ ይጫናል። የሚጨመረውና የሚቀነሰው አስቀድሞ በቅጽ ይሞላል፤ ከዚያ ወዲያ ጠያቂ የለም። አንድ ዓመት የመኩሪያን ቅጽ የሞላችው ሚስቱ ትርፌ ነበረች። ካልሲ ማጠብ ጨመረችለት፣ ማንኮራፋቱን አስወጣች፣ ይሉኝታውን ሰረዘች። ለጠየቀው ሁሉ እሺ ማለቱ አንገሽግሿት ነበር።

ጠዋት ጎረቤታቸው ቦጋለ መሰላል ሊዋስ መጣ።

«አልሰጥህም! ያለፈውን ሰብረህብኛል» አለው መኩሪያ።

ትርፌ እልል ማለት ብቻ ቀራት። ምሳ ላይ ሽሮ ጨልፋለት፣ «እንዴት ነው?» አለችው፣ የለመደችውን «እጅሽ ይባረክ» እየጠበቀች።

«ጨው በዝቶበታል። ከተጋባን ጀምሮ እንደበዛበት ነው።»

«ታዲያ እስከዛሬ ምነው ዝም አልክ?»

«ያ የሰረዝሽው ነገር መቼ ያስተነፍሰኝ ነበር!»

ትርፌ አኩርፋ ሽሮውን ወደ ራሷ ሳበች። ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ብላ ቀመሰችው፤ ከዚያም ውኃውን አንስታ ጠጣች።