የአንጀት አውታር

ወይዘሮ እፀገነት ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ እህል የሚቀምሱት ልጃቸው ውባየሁ የአባቱን በገና ሲደረድርላቸው ብቻ ነበር። አንዱ አውታር ቢበጠስበት፣ ለተዝካሩ ከታረደው በግ አንጀት ፍቆና ገምዶ በአዲስ ተካው።

ከዚያ ወዲህ እናቱ እየበሉ መክሳት ጀመሩ። አውታሩ ግን መድረቁ ቀርቶ ከቀን ወደ ቀን ወፈረ፤ ጣቱንም በሞቀ ሞራ ይለቀልቀው ጀመር።

«እማዬ፣ ይሄ አውታር ከረፋኝ፤ ልጣለው።»

«በገና የሚሰማው በአፍንጫ ነው እንዴ? ይልቅ ደርድር፣ ልጄ፤ ርቦኛል።»

ደረደረ። እናቱ የገብስ እንጀራ በሽሮ ጠቅልለው ሲውጡ፣ አውታሩ ከጣቱ ሥር እብጥ ብሎ ቁልቁል ተላወሰ። ውባየሁ እየተጠየፈ በቢላ ቆረጠው።

ከተቆረጠው ጫፍ የታኘከ የገብስ እንጀራ ከነሽሮው ጉልበቱ ላይ ተዝረከረከ፤ ገና ትኩስ ነበር።