የባቱ ጠረፍ ጠባቂ

ፍሬሕይወት የዛኪርን ጃኬት ኮሌታ ጨምድዳ ይዛ ወደ ሐይቁ ትጎትተዋለች።

«አንተ ነህ አይደል የባሕር ጥበቃው? እናቴ እዚያች ጀልባ ላይ ናት! ምን ቆመህ ታየኛለህ?»

ዛኪር ቀና ብሎ አየ። የደሴቱን ንግሥ አክብረው የሚመለሱ ሴቶችን የጫነች ጀልባ ሞተሯ ጠፍቷል፤ ነፋሱ እያሽከረከረ ዳር ዳሩን ወደበቀለው ደንገል ይገፋታል። ደንገሉ ውስጥ የተኙት ጉማሬዎች ደግሞ አፋቸውን ሲከፍቱ ባጃጅ ከነተሳፋሪው ገብቶ፣ ዞሮ የሚወጣባቸው ናቸው።

እሱ ከአዳማ ልባሽ ጨርቅ ይዞ የመጣ ነጋዴ እንጂ የማንም ጥበቃ አይደለም። ዋና አይችልም። አዋሽን በድልድይ ሲሻገር እንኳ ዓይኑን ይጨፍናል። ብርቱካናማው ጃኬት ከቦንዳ ውስጥ የወጣ ነው። ጠዋት ዓሣ ሊበላ ሐይቁ ዳር ሲቀመጥ አንድ አስጎብኚ ጀርባው ላይ በፈረንጅኛ የተጻፈውን አይቶ «የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ይላል» አለው።

ከዚያ በኋላማ ምላሱን ማን ይያዝለት! ዓሣው ተጠብሶ እስኪቀርብ መንግሥት ባቱ ላይ ጥበቃ እንዲያቋቁም እንደላከው አወራ። አንዱ ክፍል ማማ ላይ ወጥቶ ይቃኛል፣ አንዱ በፈጣን ጀልባ ይዞራል፣ አንዱ የሰመጠ ያወጣል፣ ጉማሬ ሁሉ ታርጋ ይለጠፍበታል፤ ወላሂ! «ባሕሩ የት አለንና?» ላለው ሰውም «ጥበቃው ይቅደም፣ ባሕሩ ይደርሳል» ብሎ መለሰለት። ዓሣውን በነፃ በላ።

«እኅቴ፣ ተረጋጊ፣ እኔ እኮ…» ብሎ ጀመረ። ፊቷን ሲያይ ነገሩን ትቶ አብሯት ተጎተተ።

ውሃው ዳር ያደታና ካሚል የሚባሉ ሁለት ጀልበኞች ይጨቃጨቃሉ። ያደታ የሞተር ጀልባ አለው፣ ቤንዚን የለውም። ካሚል አንድ ጄሪካን ቤንዚን ታቅፏል፣ ጀልባው ግን ተበላሽታ ቆማለች። ማኅበራቸው ለየቅል ነው። የምትንሳፈፈዋ ጀልባ ደግሞ የሁለቱም ማኅበር አይደለችም።

«ቤንዚኑ የማኅበሩ ነው ስልህ!» ይላል ካሚል። «ሊቀመንበሩ ሳይፈቅድ ብሰጥህ ነገ ማን ይጠየቅልኛል?»

«የእኔስ ጀልባ ብትገለበጥ? ለሚመለከተው ይደወል!»

«የሚመለከተው ማነው?»

«እኔ ምን አውቄ!»

ሁለቱም ብርቱካናማውን ጃኬት እኩል አዩት። «ይኸው አለቃው!» አለ ካሚል እፎይ ብሎ። «እሱ ይወስን!»

ዛኪር የትኛው አለቃ እንደመጣ ለማየት ወደኋላ ዞረ። ማንም የለም። አፉ ግን እንደልማዱ ከራሱ ቀድሞ ተነሣ።

«ካሚል! ከአሁን ጀምሮ አንተ የነዳጅ ክፍል ነህ። ቅዳ! ያደታ፣ አንተ ነፍስ አድን ነህ። ተነሣ!»

«ማን ይጠየቃል?» አለ ካሚል።

«መንግሥት!» አለ ዛኪር። ድምፁ ከየት እንደመጣ እሱም አላወቀም።

«ቶሌ፣ እሺ!» አለና ያደታ ዘሎ ጀልባው ላይ ወጣ። ቤንዚኑ ተንቆረቆረ፣ ሞተሩ ሁለቴ አስሎ ተነሣ። «በል ግባ፣ አለቃ።»

«የት?»

«ጀልባው ውስጥ ነዋ!»

ዛኪር ውሃውን አየው። ውሃውም መልሶ ያየው መሰለው።

«አዛዥ የብስ አይለቅም። ደንቡ ነው» አለና ጃኬቱን ማውለቅ ጀመረ። «ጃኬቱ ግን ይሂድ። ሥልጣኑ ያለው እሱ ላይ ነው።»

ፍሬሕይወት ኮሌታውን እንደያዘች ነበር። ጃኬቱ ከዛኪር ትከሻ ሲወጣ አብራው ሄደች፤ ያደታ እስኪለብሰው አለቀቀችም። ዛኪርን ዞራም አላየችው።

ያደታ ደንገሉ ጋ ሲደርስ ነፋሱ የሞተሩን ድምፅ ወሰደው። ብርቱካናማው ቀለም አንዴ ታየ፣ ጠፋ፣ ታየ፣ ጠፋ። ከዚያ ጠፍቶ ቀረ። ዛኪር በካናቴራ ቆሞ «ወላሂ ሁለተኛ አልዋሽም» አለ በልቡ። ወዲያው ጠዋትም ሲዋሽ ወላሂ ማለቱ ትዝ አለውና የቱ መሐላ እንደሚያዝለት ግራ ገባው።

ደንገሉ ተከፈለ። ብርቱካናማው ወጣ። ከኋላው ገመድ፣ ከገመዱ ኋላ ጀልባዋ፣ ጀልባዋ ላይ ነጠላቸው ውሃ ጠጥቶ ገላቸው ላይ የተለጠፈ ሴቶች። አንዷ በዚያ ብርድ ውስጥ እልል ትላለች።

ፍሬሕይወት እናቷን ደግፋ ካወጣች በኋላ ዓይኗን እየጠረገች ዳር ወደቆመው ባለካናቴራ መጣች፤ ያለ ጃኬቱ አላወቀችውም።

«ወንድሜ፣ ያ የጥበቃው አለቃ የት ሄደ? እናቴ ልትመርቀው ነው።»

ዛኪር አፉን ከፈተ። ያለወትሮው እውነቱን ሊናገር ነበር። ግን እውነቱ የትኛው ነው? ጀልባዋን ያወጣት ያደታ ነው። ያደታን ያስነሣው ውሸቱ ነው። ውሸቱን የለበሰው ደግሞ አሁን ያደታ ነው። ነገሩ ሲዞርበት ጊዜ በአገጩ ወደ ጃኬቱ አመለከተ።

እናቷ እማማ ኮከብ የያደታን እርጥብ ራስ በሁለት እጃቸው ይዘው ረጅም ምርቃት መረቁት። ያደታ መጀመሪያ አፈረ። ቀጥሎ አሜን አለ። በመጨረሻ ደረቱን ነፋ።

«ዝም አልኳችሁ እንጂ» አለ ለተሰበሰበው ሰው፣ «እኔ እኮ በምሥጢር ከተሾምኩ ቆየሁ። ደንገሉ ውስጥ ስገባ ያ ትልቁ ጉማሬ አፉን ከፈተ። የሻሸመኔ አውቶቡስ ከነጭነቱ ዞሮ ይወጣበታል! እኔም ፈንጠር ብዬ ጀርባዬን አዞርኩለት፣ ጽሑፉን እንዲያነብ…»

ዓሣ ጠባሿ ትልቁን ዓሣ ወደ ያደታ ገፋችለት።

ዛኪር ጥርሱ እየተንገጫገጨ ሰዉን ተጋፍቶ ገባና ከፊት ቁጢጥ አለ።

«ከዚያስ?» አለ።