የጃፓናዊው መርዶ

አዲስ አበባ፣ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ባለው የእንግዳ ማረፊያ እንግዳ ተቀባይዋ ብርነሽ ስልኩን ዘግታ ቀና ስትል፣ ጃፓናዊው ሽማግሌ የክፍላቸውን ቁልፍ ሊቀበሉ ፈገግ ብለው ቆመዋል። የደወለው ወንድማቸው ነበር። ሚስታቸው በማለዳ መሞታቸውን በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነግሯት መስመሩ ተቋረጠ።

«ለብቻሽ እንዳታረጂያቸው» አሏት ወሬውን ሹክ ያለቻቸው ዘበኛው ጋሽ ሱሌማን ጠጋ ብለው። «መርዶ በሰው ነው። ለጊዜው ታመዋል በያቸው።»

ሰው ከየት ይምጣ? በዚህ አገር ቋንቋቸውን የምታውቅላቸው፣ እንግሊዝኛውን ወደ ጃፓንኛ የምትመልሰው የኪሳቸው ማሽን ብቻ ነበረች። ብርነሽ ማሽኗን ለምና ተቀበለች፤ «ሚስትዎ በጣም ታመዋል» ብላ በእንግሊዝኛ ጻፈች።

ሽማግሌው መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አነበቡ። ፈገግታቸው ጠፋ። ከዚያ በችኮላ የራሳቸውን ፊደል ነካክተው ማሽኗን አዞሩላት።

«ነገ እነሳለሁ። ጆሮዬ ስልክ ስለማይሰማ፣ እስክደርስ እንድትጠብቀኝ በወንድሜ በኩል ንገሪልኝ» ይላል።

ስልኩንም በሁለት እጃቸው አንስተው ዘረጉላት። ብርነሽ ዞር ብላ ጋሽ ሱሌማንን አየች፤ እሳቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው መሬት መሬቱን ያያሉ። ስልኩን ተቀብላ ጆሮዋ ላይ አደረገች። ሽማግሌው ከንፈር ከንፈሯን እያዩ ይጠብቁ ጀመር።